ጎሚኒው የወጣ ሰሞን

ጁን 2

በዳገት የመኪና ውድድሩ ቴጂ አሸነፈኝ። በዚህ ዳገት ላይ ለዓመታት ጀርባዬን ሲያይ የኖረ ሰው።

ከሻይ ፋብሪካው በታች ያለው ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስቀይር እምቢ አለኝ። ሞከርኩ፣ ጮኸ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ገባ። እስከዚያ ዳገቱ ፍጥነቴን በልቶት ነበር። አናት ላይ ስደርስ ቴጂ ጥምጥሙን እያስተካከለ መጣና በዚያ ጨዋ በሚመስል ድምፁ፣ «ማዳም፣ ዛሬ ማርሹን እየለመንሽ ነው እንዴ የምታስገቢው?» አለኝ። ሳቅሁለት። ሊሙሩ ቤቴ እስክገባ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ።

ንዴሪቱ ማታውኑ ኮፈኑን ከፍቶ አየው። ወንድሜ ቃል አይወጣውም፤ ሞተር ሲያይ ደግሞ ጭራሽ ዱዳ ነው። በመጨረሻ «ምንም የለውም» አለ።

«ሞተሩ ይወዛወዛል። ሞተሩ ሲወዛወዝ ካምቢዮው አብሮ ይሄዳል። ማርሹ ያለበት ቦታ ላይ አይገኝም፤ ለዚህ ነው እምቢ ያለኝ።»

«ሞተሩን የሚይዙት ጎሚኒዎች አዲስ ናቸው። በገና ጊዜ እኔው ነኝ የቀየርኳቸው።»

«ታዲያ ማን ነው ያጠፋው? እኔ?»

ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። አዘጋጉ ከስድብ ይብሳል።

ጁን 5

ቆርጫለሁ። ጎሚኒው ይወጣል፣ በምትኩ ድፍን አሉሚኒየም ይገባል። ሞተሩ ከመኪናው አካል ጋር እንደ አንድ አጥንት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መወዛወዝ የለም፣ ማርሽ መሳትም የለም። ለውድድር የተሠራ መኪና በጎሚኒ ላይ ማስቀመጥ ሯጭን ስሊፐር እንደ ማልበስ ነው። ይህን ለንዴሪቱ ነገርኩት።

«ጎሚኒው ሲውጠው የነበረውን ንዝረት ነገ ማን ይውጠዋል?» አለኝ።

«ማን ይውጠዋል?»

«ብሎኑ። ቱቦው። ሽቦው። አንቺ።»

«እኔ እውጠዋለሁ።»

«ይሄን መኪና እኮ ለገበያም ትነጂዋለሽ፣ ኛጉዚ። ውድድር ቦታ ድረስ በጭነት መኪና አንወስዳትም፤ በራሷ ጎማ ነው የምትሄደው የምትመለሰው።»

«መኪናዋ የማን ናት?»

የኔ ናት። ግንባሩን በክንዱ ጠረገና ወደ ጋራዡ ገባ። ጋራዡ እኮ ከቤቴ ጀርባ ነው፣ የትም አይሄድም።

ጁን 9

ገባ!

ቁልፉን ሳዞር ግቢው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ስፖኪዮው ውስጥ አንዱ ዛፍ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ዳሽቦርዱ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ስልኬ ራሱ ተራምዶ ከወንበሩ ወረደ። ዋንጌቺ ጆሮዋን ይዛ ከኩሽና ወጣችና፣ «ማሚ! ቤቱን ነው እንዴ ያስነሳሽው?» አለች። ልጄ ሃያ ዓመት ሞልቷታል፣ ቀልዷ ግን የአባቷ ነው። ቢሆንም ሳቅሁ። ከተሸነፍኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ዛሬ ነው።

ወጣ ብዬ ነዳሁት። ማርሹ ቆራጥ ሆኗል። አሁን በጣት መለማመጥ አያስፈልግም፤ በመዳፍ ገፋ ካደረግሁት ይገባል። እንዲህ ነው የምፈልገው።

ጁን 12

ቸኩያለሁ። ሁለት የመንጃ ፈቃድ ተማሪ ጠዋት፣ አንድ ከሰዓት። የኋላ መብራት አምፖል ተቃጠለ። የታርጋ ብሎን መንገድ ላይ ወድቋል። ንዴሪቱ አዲስ አሰረ። እንዳይስቅብኝ ሌላ ነገር ስመለከት ቆየሁ።

ጁን 16

ሁለተኛው ውድድር። ቴጂን ቀደምኩት! የውድድሩ ዋና ስፖንሰር ልጅ ቀደመኝ እንጂ። ከቴጂ በላይ መሆኔ ይበቃኛል። ማርሹ አንድ ጊዜም አልሳተኝም። ንዴሪቱ ይህን መስማት ነበረበት፤ ሰማም፣ «ጥሩ ነው» ብቻ አለ።

ከውድድሩ በኋላ መኪናዋ ጠፍታም ቀኝ እጄ ውስጥ ሞተሩ ይሠራ ነበር። ሻይ ሲያቀርቡልኝ በግራ ተቀበልኩ። ድፍን መያዣ ያስገባ ሰው ሁሉ እንዲህ ይሆናል፤ ከሞምባሳ የሚመጡት ተወዳዳሪዎች ነግረውኛል። ወይም እንዲህ ያሉ መሰለኝ።

ጁን 20

የመንጃ ፈቃድ ተማሪዬ፣ ያቺ የባንክ ሠራተኛ፣ አጠገቤ ተቀምጣ እየነዳች ድንገት፣ «መምህር፣ እኔን ፈርተው ነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

በአገጯ ጭኔ ላይ ያለውን እጄን አሳየችኝ። አውራ ጣቴ ጠቋሚዬን እያሻሸ ነው፣ ሳንቲም እንደሚቆጥር ሰው። እጄን ከጭኔ ሥር ከተትኩ። «ፍሬን!» አልኳት። የሚያስቆም ነገር አልነበረም።

የማስተማሪያዋ መኪና ጎሚኒዋ ጤነኛ ነው፣ እንደ አልጋ ናት። ግን የትናንቱ ንዝረት እስከ ዛሬ ይቆያል፣ ምን ይደንቃል። ደግሞ ይሄ ብርድ። ጉሙ እስከ እኩለ ቀን ከሻዩ ላይ አይነሳም።

ጁን 25

የንዴሪቱ ሚስት ንዱታ ለእራት ጠራችን። ድንችና በቆሎ ተቀቅሎ የሚደቆሰው ሙኪሞና የፍየል ጥብስ። አፌ ውስጥ ጨርቅ የማኝክ ነው የመሰለኝ። ጨው ጨመርኩ፣ አሁንም ጨርቅ። «ንዱታ፣ ቅመም ከገበያ ጠፍቷል እንዴ?» አልኳት፣ ለቀልድ ያህል። ፊቷ ቀላ። ንዴሪቱና ዋንጌቺ ሰሃናቸውን ጠርገው እየበሉ ነበር። ዋንጌቺ እንዲያውም ሁለተኛ አስጨምራለች፤ ለማስደሰት ነው እንጂ።

መልስ ላይ ልጄ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ቤት ስንገባ ለነገ እንድትገዛ የጻፍኩላትን ወረቀት አነሳችና ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ማሚ፣ ይሄን ማን ነው የጻፈው፣ ጉንዳን?»

«ወረቀት መቆጠብ ነው።»

«ድሮ እኮ ከመንገድ ማዶ ይነበብ ነበር የአንቺ ጽሕፈት።»

ድሮ ድሮ ነው። ንዱታን ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ምናልባት።

ጁን 30

ይህን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ቡና ማሳው ጀርባ ባለው ባዶ መንገድ ልምምድ ወጣን። ንዴሪቱ፣ «ዋንጌቺም ትሞክረው፣ ጎማው እንዴት እንደያዘ ሌላ ሰው ይንገረኝ» አለ። ፈቀድኩ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ለምን እከለክላለሁ።

ፈጠነች። ከእኔ ፈጠነች፣ በጥቂት አይደለም። ያ ሁሉ ንዝረት እጇን ምንም አላደረገውም፤ ስትወርድ ፀጉሯን እያስተካከለች፣ «ጥርሴ ነው የተንቀጠቀጠው፣ ሌላው ጥሩ ነው» አለች። ንዴሪቱ እኔን አላየኝም። አለማየቱን አየሁ።

ቴጂ ሲያልፍ ቆሞ ነበር። እኔ ውኃ ልጠጣ ከመኪናው ጀርባ ስዞር አጥሩ ጋ ለንዴሪቱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እጇን አይተኸዋል? አንድ ነገር በላት እንጂ» ሲለው ሰማሁ። ጓንቴን ማለቱ ነው፤ ቀኙ ተቀዷል። ወይም ማርሽ አያያዜን። ከተሸናፊ ምክር አልቀበልም።

ዋንጌቺን ከዛሬ ወዲህ መኪናዋን እንዳትነካ ነገርኳት። «ለምን?» አለች። «ኢንሹራንስ» አልኳት።

ጁላይ 4

ንዱታ ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሙኪሞዋን ከሰደብኩባት በኋላ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ልጅ እግር ሐኪም። ጣቶቼን እንደ ዳክዬ አፍ ይክፈቱ ይዝጉ አለኝ። በኮሪደሩ ይሂዱ ይመለሱ አለኝ። «ቀኝ ክንድዎ ሲሄዱ ለምን አይወዛወዝም?» አለኝ። ቦርሳ ስለምይዝበት አልኩት። ቦርሳው በግራዬ ነበር።

ስለ ሞተር መያዣው ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ናይሮቢ የነርቭ ሐኪም ጋ ልጻፍልዎ። ሰው ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው» አለ። እኔ ደግሞ እሱን ለመካኒክ ልጻፍለት ነበር።

ወረቀቱ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነው።

ጁላይ 9

ከዋንጌቺ ጋር ተጣላን።

ከገበያ መልስ መኪናዋ ውስጥ ገና እንደገባች መስኮቱን ከፈተች። «ማሚ፣ ቤንዚን ይሸታል።»

«አይሸትም።»

«ራሴን አዞረኝ እኮ! እንዴት አይሸትሽም?»

አፍንጫዬን ወደ ፊት አድርጌ ሳብኩ። ምንም። ብርድ ብቻ። «መኪናዋን ለማስቆም ሰበብ ነው የምትፈልጊው» አልኳት። «እሑድ እኔ ቤት ስቀር አንቺ ልትነጂ።»

አየችኝ። እንዲያ ስታየኝ ትንሽ ሆና የወደቀች ጊዜ ትመስለኛለች። «አጎቴ ይየው» አለች ቀስ ብላ። «ከውድድሩ በፊት አጎቴ ይየው፣ ሌላ ምንም አልልም።»

ንዴሪቱ ካየው ጎሚኒውን ይመልሳል። ከሁለት ሳምንት ጀምሮ የጎሚኒውን ሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፣ እንዳየው ብሎ። ጎሚኒው ከተመለሰ ማርሹ ይስተኛል። ማርሹ ከሳተኝ ቀጥሎ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

አልነገርኩትም።

ጁላይ 14፣ ጠዋት

ንዴሪቱ ሳይነቃ ወደ ውድድሩ እወጣለሁ። ዋንጌቺ እመጣለሁ ብላ ቱታዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። እምቢ ብላት ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። ትምጣ።

ጁላይ 17

ከቆምኩበት ልጀምር።

አሸነፍኩ። ይህ መጀመሪያ ይጻፍ። ቴጂን፣ የስፖንሰሩንም ልጅ፣ ሁሉንም። ማርሹ እንደ ቢላ ነበር። አናት ላይ ሰው ሁሉ ጮኸልኝ፤ ዋንጌቺ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። ቴጂ እንኳ ዋንጫውን በጨዋ ወግ አቀብሎኝ፣ «ማዳም፣ ዛሬ እጅ ነስቻለሁ» አለ። አንድ ሰዓት ያህል የሆነውን ሁሉ ረስቼ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከኮፈኑ ጠርዝ ጭስ ወጣ። ዋንጌቺ፣ «ማሚ አቁሚ!» አለች። ከዚያ በፊትም ሦስት አራት ጊዜ ሸተተኝ ስትል ነበር፤ ዋንጫው ጭኗ ላይ ስለነበረ ችላ አልኳት። ዳር ያዝኩ። ነበልባሉ በአንዴ ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ መስተዋቱን ላሰ።

እሷ ወጣች። የእኔ ቀበቶ ተቆልፎ ቀረ። የውድድር ቀበቶ ነው፤ መሐሉን ትጠመዝዢና ሁሉም በአንዴ ይለቃል። ጠመዘዝኩ፣ አልተጠመዘዘም። ጣቶቼ ላዩ ላይ ነበሩ፣ አየኋቸው፣ ግን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉ ነበር። ሙቀት ብረትን ያጣብቃል።

ዋንጌቺ ዞራ መጣች። በእኔ በር በኩል እጇን አስገባች፣ በእሳቱ ላይ አሻግራ። አንድ ጊዜ ነው የነካችው። ተከፈተ። ጎትታ ሣሩ ላይ ጣለችኝ። ከኋላችን የቆመ የማታቱ ሚኒባስ ሹፌር አሸዋ ይዞ ሮጠ፣ ሌሎች ውኃ። ልጄ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ግራ ክንዷን ወደ ላይ ይዛ ነበር፣ እንደ ተማሪ እጇን አውጥታ። ቱታው ክንዷ ላይ ተጣብቆ ነበር። አላለቀሰችም። «ማሚ፣ አንቺ ደህና ነሽ?» አለችኝ። እኔን!

ይህን ሁሉ ስጽፍ እጄ ደክሞ ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ። መኪናዋ ሦስት ቀን ሳትነዳ።

ጁላይ 20

ሆስፒታል። ቆዳ ሊቀይሩ ነበር፣ አሁን አያስፈልግም ብለዋል። ጠባሳ ይኖራል። ንዱታ ሾርባ ታመጣለች፤ ልጄ በቀኝ እጇ ትጠጣለች። ላጠጣት ብዬ ማንኪያውን ያዝኩ። አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ነርሷ ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ለንዱታ ሰጠቻት፣ ዕቃ ቦታው ላይ እንደ መመለስ።

ጁላይ 23

ንዴሪቱ ዛሬ አወራ። በሕይወቱ እንዲህ አውርቶ አያውቅም።

የተቃጠለችውን መኪና ግቢ አስገብቷት ነበር። የቤንዚን ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ተሰንጥቋል፤ ንዝረቱ ነው የሰነጠቀው። ሳምንት ያህል ሲያንጠባጥብ ኖሯል። «ይሄ ሽታ» አለኝ፣ «ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። ንዱታ በዚያ ሳምንት ማን ጋ ነው ቤንዚን የፈሰሰው ስትል ነበር። እኔ ከጋራዡ መስሎኝ ዝም አልኩ። ዝም ባልል ኖሮ።»

«እኔ አልሸተተኝም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ምንም አይሸትሽም። ንዱታ ቤት ሽንኩርት ሲያርርም አልሸተተሽም።»

ከዚያ የቀበቶውን መክፈቻ ከኪሱ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በአንድ ጣቱ አዞረው። ጠቅ አለ። ሁለተኛ አዞረው። ጠቅ።

«አልተጣበቀም፣ ኛጉዚ። ጎሚኒውም ያን ጊዜ ደህና ነበር። ማርሹም ደህና ነበር። እኔ መካኒክ ነኝ፣ የመኪናዋን ሁሉ ነገር ፈትሼ ጨርሻለሁ። ያልፈተሽኩት አንድ ነገር ነው የቀረው።»

«ውጣ» አልኩት።

አልወጣም። «ባባ ያን ጊዜ ማታቱ መንዳት ያቆመው ጡረታ ፈልጎ አልነበረም» አለ። «አንቺ ትልቅ ነበርሽ፣ ታስታውሻለሽ። ሸሚዙን ማን ነበር የሚቆልፍለት?»

እኔ ነበርኩ ለአባቴ የምቆልፍለት። እሱ በትንሽ በትልቁ እየተቆጣ፣ ቁልፉ ጠበበ፣ ልብስ ሰፊው ሌባ ነው እያለ። ይህን ለንዴሪቱ አልነገርኩትም። ውጣ አልኩት ደግሜ፣ በዚህኛው ወጣ።

ኦገስት 7

ናይሮቢ። ንዱታ ይዛኝ ሄደች። ትልቁ ሐኪም ሽማግሌ ነው፣ ደግ። የበሽታውን ስም ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም። መድኃኒቱ ይረዳል አለ፤ ለስንት ጊዜ ስለው፣ «ለጥሩ ጊዜ» አለኝ። ስለ ዳገት ውድድር ስጠይቀው መነጽሩን አውልቆ አየኝ፣ ከዚያ ንዱታን አያት። ሁለቱም ያዘኑልኝ መሰለኝ፤ ንዱታን ያን ጊዜ ጠላኋት። በመልሱ ማታቱ ውስጥ ትከሻዬን ደግፋ ተቀመጠች፣ አልሸሸሁም።

ማስተማር ማቆሜን ልነግራቸው ለተማሪዎቼ ሁሉ ደወልኩ። የባንኳ ልጅ፣ «መምህር፣ እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ነው?» አለች። አይደለም አልኳት።

ኦገስት 25

ዋንጌቺ ማሰሪያው ወልቆላታል። ቆዳዋ ሮዝ ሆኗል፣ የአዲስ ሕፃን ይመስላል። ይቅርታ ልጠይቃት ሦስት ጊዜ ክፍሏ ገባሁ። አንዴ መስኮቱን ዘግቼ ወጣሁ። አንዴ ስለ ትምህርት አወራሁ። በሦስተኛው፣ «ማሚ፣ ተቀመጪ ወይ ውጪ፣ አትንቆራጠጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«ቤንዚን ሸቶኝ ነበር እኮ» አለች፣ ያለ ቁጣ። ቁጣ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

«አውቃለሁ።»

«ላንቺ ብዬ ነው የነገርኩሽ። የሹፌሩን ወንበር ልወስድብሽ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ ዋንጌ።»

እንዲያውም አላውቅም ነበር። አሁንም ልጄ ወንበሩን አትፈልግም ማለት ውሸት ነው። ትፈልጋለች። መፈለጓ ኃጢአት ነው እንዴ? እኔም ከባባ ፈልጌ ነው የወሰድኩት።

ሴፕቴምበር 10

ንዴሪቱ ከተቃጠለችው መኪና ከፊት ያለውን ሁሉ ቀየረ። ቴጂ የራሱን ጋራዥና ቀለም ቀቢውን አውሶታል፤ አመስግኚው አሉኝ፣ አላመሰገንኩትም። ሞተሩ በጎሚኒ ላይ ተቀምጧል። ግቢው ውስጥ ሲያስነሱት ከመኝታ ቤቴ አልተሰማኝም። ወጥቼ አየሁ እንጂ ጠፍቷል ብዬ ነበር። ዋንጌቺ መሪው ላይ ነበረች። ስታየኝ ልትወርድ ፈለገች። በእጄ ተይ አልኳት፣ ከዚያ እጄን ቶሎ አወረድኩ።

ሴፕቴምበር 22

የዓመቱ የመጨረሻ ዳገት። ልጄ ነዳች።

ንዴሪቱ ከታች መነሻው ላይ ከእሷ ጋር ነበር። እኔ ላዩ ድረስ አልሄድኩም፤ ከፋብሪካው በታች፣ መታጠፊያው ላይ፣ ሻዩ ውስጥ ከሰው መሐል ቆምኩ። ከጎኔ ልጅ ያዘለች ሴት፣ «ይሄኛው የማን ነው?» እያለች ባሏን ትጠይቃለች። ድምፁ ከታች ሲመጣ አወቅኩት። ሌላው ሁሉ መኪና ይጮኻል፤ የእኔዋ ታጉረመርማለች።

እውነቱን ልጻፈው። ከመታጠፊያው ስትወጣ፣ እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ ሲወርድ፣ ማርሹን እንድትስት ተመኘሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው ሁሉ ጎሚኒው ነው እንዲል፣ ንዴሪቱም መኪናዋ ናት እንዲል።

አልሳተችም። ማርሹ ገባ፣ ጭቃ ረጨችብን፣ ወደ ላይ ጠፋች።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሕፃን ያዘለችው ሴት ባሏ በጆሮዋ አንድ ነገር ሲነግራት ወደ እኔ አየች፣ በክርኗ ነካችውና፣ «የሹፌሯ እናት እኮ ያቻት» አለችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ለገዛ ልጅሽ አታጨበጭቢም? ቅናት ነው?» አለችኝ፣ እየሳቀች፣ ሰው እንዲሰማላት ጮክ ብላ። ሰውም ሳቀ።

እጆቼ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ላወጣቸው እችል ነበር።

«አዎ» አልኳት። «ቅናት ነው።»